አምቡላንሱ ቤቱ ለምን ጠፋበት? የድንገተኛ ጥሪ ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያዝ። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው። ሦስቷን አሃዝ ብቻ ነው የምትደውሉት፤ ከፊቷ 011 ምናምን አያስፈልግም። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ጀርባ ለጥፏቸው። ሰው ሲደነግጥ የገዛ ልጁን ስም ይረሳል።

ደወልኩ፣ መጡ፣ ቤቱ ግን ጠፋቸው

ይሄ በራሴ ደርሷል። ክረምት ላይ፣ ማታ፣ ጎረቤታችን እማማ ደረጃ ላይ ወደቁ። አምቡላንስ ጠራሁ። "የት ነው?" ስባል "ኮንዶሚኒየሙ ጋ" አልኩ። ስንትና ስንት ብሎክ ያለበት ግቢ እኮ ነው! ሾፌሩ ሁለቴ ደውሎ አላነሳሁም፤ እኔ ደረጃው ላይ፣ ስልኬ ሶፋው ላይ። በዚያ ላይ ዘበኛው በሩን ቆልፎ ተኝቷል።

ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ አድራሻ አነጋገራችን ነው። እዚህ ከተማ የመንገድ ስም ጠርቶ ቤቱን የሚያስረዳ ሰው ብርቅ ነው። የምንግባባው በቤተክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በታክሲ ማዞሪያ ነው።

ስለዚህ ከትልቁ ወደ ትንሹ ውረዱ፦ ክፍለ ከተማ፣ ሰፈር፣ ሁሉም የሚያውቀው ምልክት፣ መታጠፊያ፣ የበሩ ቀለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር። "አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም" ማለትም አይረሳ፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ይፈልጋል። አንድ ሰው የስልኩን ባትሪ አብርቶ ዋናው መንገድ ላይ ይቁም። የደወለው ሰው ደግሞ ስልኩን ከእጁ አይልቀቅ፣ የማያውቀው ቁጥርም ቢሆን ያንሳ።

ጥያቄ አበዙብኝ

ምን ይዘው እንደሚመጡ ለማወቅ ነው። ይተነፍሳል? ይሰማል? ደም አለ? ዕድሜው? አጭር አጭር መልስ ስጡ፣ እነሱ ሳይዘጉም አትዝጉ።

ልደውል ወይስ ታክሲ ልጥራ?

መተንፈስ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ፣ ደሙ አልቆም ያለ፣ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ በድንገት አፉ የተጣመመ ወይም አንድ እጁ የከዳው ሰው ካለ ደውሉ። ለሦስት ቀን ጉንፋን ታክሲ ይበቃል። አምቡላንሱ ሩቅ ከሆነ የጎረቤት መኪና ሊቀድም ይችላል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቁ። ከከፍታ ላይ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ግን ሌላ ነው። አንገቱና ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አንጠልጥሎ ላዳ ውስጥ ማጠፍ የባሰ ያመጣል።

ቤተሰቡ ሁሉ አንዴ ራሱን አመመው

ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት አለ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እሺ፤ ሁሉም አንዴ ከሆነ ግን ከሰል ምድጃውን ተመልከቱ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ ደግሞ የለውም። መጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰዉን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ ከደጅ ሆናችሁ 907 ደውሉ። የሲሊንደር ጋዝ ከሸተታችሁም ስልክ የሚደወለው ከደጅ ነው። ቀድሞ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ መብራት አይበራም አይጠፋምም፤ ቀጥሎ 939።

እናቴ በቪዲዮ እያየኋት ወደቀች፣ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ

እዚያ ሆናችሁ 907 ብትደውሉ አዲስ አበባ አይገባም። 911 ብትደውሉ ደግሞ አምቡላንሱ የሚመጣው ቨርጂኒያ፣ እናንተው በር ላይ ነው። የሚያዋጣው ቅርብ ያለ ሰው ነው፤ እሱ ይደውላል፣ እሱ በር ይከፍታል። የሁለት ጎረቤት ስልክ ዛሬውኑ ያዙ። የዘበኛውንም።