ካፋ ደን ለሚገባ ሰው፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

ከቦንጋ እንግዳ ይዤ ደን መግባት ከጀመርኩ ቆየሁ። ጋዜጠኛ፣ ተማሪ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ ያላስገባሁት የለም። ስህተት ሲሠሩ ብዙም አልቆጣም። አንዷ ግን አንገፍግፋኛለች።

«ድንግል ደን ነው፤ ሰው ያልነካው!» የምትለዋ።

ማን ነው ያልነካው? ካፋ ውስጥ ኮቦ የሚባል ነገር አለ። ደኑ በየቤተሰቡ የተያዘ ነው። ድንበሩ ጅረት ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ ሊሆን ይችላል። አጥር የለውም፤ የአካባቢው ሰው ግን አይስተውም። በኮቦው ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ባለኮቦው ነው፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የ1967ቱ አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርገው ኮቦም በወረቀት አለቀለት። በወረቀት ነው ያልኩት። እስቲ ሂዱና የሌላ ሰው ዛፍ ላይ ቀፎ ስቀሉ።

ይቺን ስህተት እኔም ሠርቻታለሁ፤ ያውም እየተከፈለኝ። አንድ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ልጅ አስተርጓሚ አድርጎኝ ነበር። መጠይቁ «ደኑ የማን ነው?» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርን። መልሱ አንድ ነው፦ «የመንግሥት።» እሱ ይጽፋል፣ እኔ አበሌን እቀበላለሁ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ያዘንና አንድ ሽማግሌ ቤት ተጠለልን። ቡና እየጠጣን፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ከጓሮው ወዲያ የሚታየውን ረጅም ዛፍ አሳየኋቸውና «አባባ፣ እዚያ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ማን ነው?» አልኳቸው። ወንድማቸው ነው። ከእሱ በፊትስ? አባታቸው። ከጅረቱ ማዶ ያለውስ? የአማቾቻቸው። ሲመሽ ልጁ ደብተሩ አልቆበት በመጠይቁ ጀርባ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ «የማን ነው?» አትበሉ። ማን ይሰቅላል፣ ማን ዛፍ ይወጣል፣ ማን ኮረሪማና ጥምዝ ይለቅማል ብላችሁ ጠይቁ።

«የዱር ቡና ነው» እያላችሁ ፍሬውን ቀንጥሳችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። ለምን እንደሆነ ከላይ ያለውን ድገሙት።

ነጭ ማር ስታዩ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ጌተሜ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ንቧ የምትሠራው ማር ነጭ ነው። ሰውየው ለዚያ ማር በጨለማ፣ በገመድ፣ ጭስ ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ከፊቱ ቆማችሁ በጣት እያሻችሁ አትመርምሩት።

ካፋን፣ ሸካንና ማጃንግን አንድ አድርጎ መጻፍም በዝቷል። ደኖቹ በዩኔስኮ የተመዘገቡት ለየብቻ ነው፤ ካፋ በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማጃንግ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። የካፋና የሸካ ቋንቋ ይቀራረባል። የማጃንግ ግን የቋንቋ ቤተሰቡም ሌላ ነው። የካፋን ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን፣ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ማጃንግ ጋ ብትሄዱ በምልክት ነው የምታወሩት።

«የካልዲ ቤት የቱ ጋ ነው?» ለሚለኝም ልመልስ። ካልዲ ቡናን መጀመሪያ አገኘ የሚባለው ፍየል ጠባቂ ነው። የፍየል ጠባቂው ተረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1671 ሮም ላይ በታተመ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ውስጥ ካልዲ የሚባል ሰው የለም። ካፋ ውስጥ ስለ ቡና የሚጠየቅ ሰው ሞልቷል፤ በሕይወት ያለ።

የአምልኮ ቦታ ከሆነ ደን ስትደርሱ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። አስጎብኚው ካላስገባችሁ አትከራከሩት። እሱ ነገም እዚያው ነው የሚኖረው።

የመጨረሻው የሚያሳፍረኝ ነው። ማንጆ የሚባሉት የካፋ ማኅበረሰብ ሰዎች ደኑን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ጥንት በአደን፣ ዛሬ ማገዶና ከሰል በመሸጥ ይታወቃሉ። ብዙ ጎረቤት ግን አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም። እንግዳ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቦ «እስቲ ስለ ደኑ አውሩን» ይላል። አንድ ጊዜ እኔው ነኝ የሰበሰብኳቸው። ማንጆው ሰውዬ በር አጠገብ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው ቃል አልተነፈሰም። እኔም «ዝምተኛ ነው» ብዬ ለእንግዶቹ ተረጎምኩ። በማግስቱ ጠዋት ብቻውን መንገድ ላይ አገኘሁትና አብረን ሄድን። ገበያ እስክንደርስ ወሬው አላለቀም።