ቀይ ስራችሁ ሲቆረጥ ልቡ ጠቁሮ ካገኛችሁት፣ ቦሮን አሰጣጥ

ቡራዩን አልፋችሁ ወደ መናገሻ ስትሄዱ አፈሩ ቀይ ነው፣ እኔም እዛ ነው ቀይ ስር የማመርተው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቅጠሉ ለምለም፣ ከላይ ሲያዩት የሚያምር ምርት አውጥቼ አትክልት ተራ ይዤ ሄድኩ። ነጋዴው አንዱን አነሳና በቢላ ለሁለት ከፈለው፣ መሀሉ ላይ እንደ ቡሽ የደረቀ ጥቁር ነጥብ አለ። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ሶስተኛውን ከፈተ፣ ያው ነው። «ወንድሜ ይሄን ማን ይገዛኛል?» ብሎ ጆንያውን መለሰልኝ። እኔ በሽታ መስሎኝ የፈንገስ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ፣ ብሬን ነው የጣልኩት፣ ምክንያቱም የጎደለው ቦሮን የሚባለው ተክሉ ከአፈር የሚወስደው ንጥረ ነገር ነበር።

ይሄን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት ሹገር ቢት አምራቾች ናቸው። እኛ ጋ ሹገር ቢት የለም፣ የወንጂም የመተሐራም የፊንጫም ስኳር ከሸንኮራ ነው፣ አውሮፓ ግን ስኳር የሚያወጡት ከዚህ ነጭ ስር ነው፣ እሱም ከቀይ ስርና ከቆስጣ ጋር አንድ ዝርያ ስለሆነ እሱን የሚጎዳው የኛንም ይጎዳል። ልቡን የሚያደርቀው ችግር ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባ ኖሮ በ1931 እ.ኤ.አ ብራንደንበርግ የሚባል ተመራማሪ ነው የቦሮን እጥረት መሆኑን ያሳየው። ፋብሪካዎቹ ደግሞ የሚከፍሉት ኪሎውን ብቻ አይተው ሳይሆን የስኳሩን ፐርሰንትም ለክተው ነው፣ ቦሮን ሲያንስ ቅጠሉ የሰራው ስኳር ወደ ስሩ በደንብ አይወርድም፣ ስሩም መጋዘን ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። እኛ ፐርሰንት የሚለካልን ባይኖርም ደንበኛ ሰላጣ ላይ ሲቀምሰው ያውቀዋል።

መጀመሪያ ግን ቦሮን መሆኑን አረጋግጡ። ተክሉን ከላይ ሆናችሁ መሀሉን እዩ፣ ገና የሚወጡት ትንንሽ ቅጠሎች ጠቁረው ወይ ተጨማደው ይሞታሉ፣ ከጎን ደግሞ ብዙ ጥቃቅን ቅጠል ይበቅላል። የቅጠሉን እጀታ ወደ ተክሉ መሀል በዞረው ፊቱ በኩል በጥፍራችሁ ዳበስ አድርጉ፣ እንደ መሰላል አግድም አግድም የተሰነጠቀ ከሆነ አንዱ ምልክት እሱ ነው። ከዛ ሁለት ሶስት ስር ንቀሉና ቁረጡ፣ የቦሮን ጥቁረት ደረቅና ጠጣር ነው፣ አይሸትም፣ ውሃ የቋጠረና የሚሸት ከሆነ ግን ሌላ ብስባሽ ነው፣ እሱን ቦሮን አያድነውም። ደግሞ እወቁት፣ አንዴ የጠቆረ ልብ ተመልሶ አይነጣም፣ የምትሰጡት ቀጥሎ የሚያድገው እንዲድን ነው።

ብዙ ሰው «እኔ እኮ ኤንፒኤስቢ ማዳበሪያ ነው የምጨምረው፣ ቢው ቦሮን ነው» ይለኛል። ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩን እዩት። ኤንፒኤስቢ ውስጥ ያለው ቦሮን 0.1% አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ለሄክታር 100 ኪሎ ብትበትኑ የሰጣችሁት ቦሮን 100 ግራም ነው። ለጤፍና ለስንዴ ይሄ ሊረዳ ይችላል፣ ቀይ ስር ግን ቦሮን በጣም የሚወድ ተክል ነው፣ እጥረት ያለበት አፈር ላይ ለሄክታር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ንጹህ ቦሮን ይፈልጋል። አስር እጥፍና ከዛ በላይ ማለት ነው፣ ማዳበሪያው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለቀይ ስር ታስቦ ስላልተሰራ ነው።

አሰጣጡ ሁለት መንገድ አለው። ከመዝራታችሁ በፊት አፈር ላይ ከሆነ ቦራክስ ግዙ፣ 11% ቦሮን አለው፣ 100 ካሬ ሜትር ለሚሆን መደብ 150 ግራም በቂ ነው። 150 ግራም ለዛ ሁሉ መሬት እፍኝ እንኳን ስለማይሞላ እኩል ለመበተን ሁለት ሶስት ባልዲ ደረቅ አሸዋ ወይ የተነፋ አፈር ጋር በደንብ አሹትና በትኑ፣ ከዛ በመኮትኮቻ አዋህዱት። ዘሩ የሚገባበት መስመር ውስጥ በፍጹም እንዳታስቀምጡት፣ ዘሩን ያቃጥለዋል።

ተክሉ ከወጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቦሪክ አሲድ ነው፣ 17% ያህል ቦሮን አለው። ለ15 ሊትር መርጫ 30 ግራም፣ መጀመሪያ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ነው መርጫው ውስጥ የምትጨምሩት፣ 300 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ቅጠሉ 4 እስከ 6 ሲደርስ አንዴ፣ ከሁለት ወይ ሶስት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና፣ ምክንያቱም ቀይ ስር ውስጥ ቦሮን ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል አይሄድም፣ ዛሬ የረጫችሁት ነገ ለሚወጣው ቅጠል አይደርሰውም። ማለዳ ወይ ፀሐይ ስትበርድ ርጩ። አፈር ላይ ቦራክስ ከጨመራችሁ ርጭቱ አንዴ ይበቃል።

እባካችሁ በማንኪያ አትገምቱ፣ ዲጂታል ሚዛን ተዋሱ። ቦሮን ሲያንስ እንደሚጎዳ ሲበዛም መርዝ ነው፣ በመሀል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን ከወጥ ቤትና ከልጆች አርቁ። እኔ የለካሁበት ጣሳ ላይ በቀለም ጽፌ ሌላ ምንም ነገር እንዳይነካው ለብቻው ነው የማስቀምጠው።

አሁን አፈራችሁን እዩ። ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው፣ ቀይ ስር ደግሞ አሲድ አይወድም፣ ስለዚህ ቢቻል አስመርምራችሁ ኖራ ከመዝራት በፊት ቀደም ብላችሁ ጨምሩ፣ ግን ኖራው ከበዛ ቦሮኑ አፈሩ ውስጥ ይታሰርና እጥረቱ ይብሳል። እኔ ኖራ የጨመርኩ ዓመት ርጭቱን አልዘልም። በበጋ መስኖ ላይ ደግሞ አፈሩ ሲደርቅ ሥሩ ቦሮን መውሰድ ስለሚያቅተው ውሃ እያቋረጣችሁ አትስጡ፣ ጥቁር ልብ በብዛት የማየው ውሃ የራቀው የመደቡ ጫፍ ላይ ነው።

አቃቂና ገላን በኩል ኮትቻ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ ዚንክንም አስቡ፣ በተለይ ፎስፈረስ ደጋግማችሁ ከጨመራችሁ። ዚንክ ሰልፌት ለ15 ሊትር 45 ግራም፣ ከቦሮኑ ጋር ሳትቀላቅሉ በሌላ ቀን። ማንጋኒዝ የሚያንሰው ፒኤቹ ከፍ ያለ (አሲድነቱ ያነሰ) አፈር ላይ ወይ ኖራ ሲበዛ ነው፣ ቅጠሉ ሽቅብ ይቆምና ጠርዙ ይጠቀለላል፣ በጅማቶቹ መሀል ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ማንጋኒዝ በተፈጥሮ ስለሚበዛ ለሱ ገንዘብ አታውጡ፣ «ሁሉም ያለበት» የሚባለውን ቅልቅልም ምን ያህል ቦሮን እንዳለው ሳታነቡ አትግዙ።

ዩሪያንም ልኩን ጠብቁ። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ሲበዛ፣ በተለይ ዘግይቶ ሲሰጥ፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ስሩ ላይ ያለው ስኳር ይቀንሳል፣ ሹገር ቢት ላይ ደግሞ ጭማቂው ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጅን ስኳሩ ክሪስታል እንዳይሰራ ያስቸግራል። ቦሮን ብትሰጡም ዩሪያ ካበዛችሁ ጣዕሙ አይመጣም።

ስትረጩ አንድ መስመር ሳትነኩ ተዉ፣ ስትነቅሉ ከሁለቱም ወገን አስር አስር ስር ቁረጡና ጎን ለጎን ደርድሯቸው፣ ርጭቱ መስራቱን በዛ ታያላችሁ። መደቡ ላይ ቀጥላችሁ ፎሶሊያ ወይ ቦሎቄ እንዳትዘሩ፣ ቦሮን አይችሉም፣ ጥቅል ጎመን ወይ አበባ ጎመን ብታስከትሉ ግን የተረፈውን ይጠቀሙበታል።