ጉልበቴ ከዳኝ፦ ከ«ቋ» እስከ ሜዳ መመለስ

የእሁድ ኳስ ነበር። ማንም አልነካኝም። ልዞር ስል ታኬታዬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ገላዬ ዞረ፣ ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» አለ። ትንሽ አረፍኩና መራመድ ስችል «ቀላል ነው» ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እራት ሳይደርስ ጉልበቴ ሱሪ አላስወልቅ አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ሄጄ በቅባት አሳሸሁት፣ ባሰበት። እናንተ እንዳትደግሙት በየምልክቱ ላስቀምጠው።

«ቋ» ብሎ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ

እንዲህ ቶሎ የሚያብጥ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ እየደማ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኳስ ተጫዋቹ ሁሉ ኤሲኤል የሚለው፣ ጉልበት መሃል ያለው ጅማት ነው። ሥራው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት ያለ ልክ እንዳይጠማዘዝ መያዝ ነው። ተበጥሶም ቀጥ ብሎ መራመድ ይቻላል፣ እኔን ያታለለኝም ይሄው ነው።

ጨዋታውን እዚያው አቁሙ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ድገሙት። በረዶ ከሌለ በጣም የቀዘቀዘ ውሃ በፌስታል ይሠራል። ላስቲክ ፋሻ እሰሩ፣ ጣት እስኪደነዝዝ ግን አይደለም። ስትተኙ እግራችሁን ትራስ ላይ ስቀሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትም ሙቅ ውሃም አያስፈልግም። ወጌሻን መናቄ አይደለም፣ ስንቱን ወለምታ ያቃና እጅ አውቃለሁ። የተበጠሰ ጅማት ግን በእጅ አይቀጠልም።

«ራጅ ተነሣሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ»

ራጅ አጥንት ያሳያል፣ ጅማት አያሳይም። ስለዚህ «ምንም የለም» ማለት «አልተሰበረም» ማለት ብቻ ነው። ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፎ ቅልጥማችሁን ወደ ፊት እየሳበ ከደህናው እግር ጋር የሚያነጻጽር የአጥንት ሐኪም ፈልጉ። ጅማትንም የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤምአርአይ፣ ኪስ ይጎዳል፣ በእጅ የሚፈትሽ ሐኪም ካያችሁ በኋላ ቢታዘዝ ይሻላል። በእብጠቱ ምክንያት መፈተሽ ካልተቻለ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ።

ከውስጥ በኩል ሲነኩት የሚያም ከሆነ

ከውጭ በኩል ተመትታችሁ ከነበረ የጎን ጅማቱ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ይሄኛው ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በጉልበት ድጋፍና በእንቅስቃሴ በሳምንታት ውስጥ ይድናል።

ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ

ሜኒስከስ የሚባለው፣ በጉልበት አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ተቀድዶ መሃል ገብቶ ሊሆን ይችላል። በግድ አትዘርጉት፣ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እብጠቱ ጠፍቶ ደረጃ ስትወርዱ የሚከዳችሁ ከሆነ

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የላላው ጅማት ነው። ሌላው የጭን ጡንቻ ነው፤ ጉልበት ሲያብጥ የፊት ጡንቻው ሥራ ያቆማል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። እኔ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው የታመመው ጭኔ በ3 ሴንቲሜትር ቀጥኖ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ፊዚዮቴራፒ ነው ዋናው መድኃኒት፣ መነሻውም በጣም ተራ ነገር ነው። ወለል ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከተረከዛችሁ ሥር አድርጉ። የጉልበታችሁን ጀርባ ወደ መሬት ተጫኑ፣ አምስት ቁጠሩ፣ ልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የጉልበት ሎሚያችሁ ወደ ላይ ሲሳብ ካያችሁ ጡንቻው ነቅቷል ማለት ነው።

ቀዶ ጥገናስ? ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። የአምስት ዓመት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የስዊድን ጥናት፣ በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ኤሲኤላቸው የተበጠሰ ወጣቶች ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም ቀዶ ጥገና ሳያደርጉ ቆይተዋል። መዞርና መጠማዘዝ ያለበት ስፖርት መጫወት ለሚፈልግ ወይም እየደጋገመ ለሚከዳው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በከዳ ቁጥር ሜኒስከሱን ይቀድደዋልና። እኔ ተሠራሁ። ከቋንጃዬ ጅማት ወስደው ተኩልኝ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ባት ካበጠና ከሞቀ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ እስከ ነገ አትጠብቁ። የደም መርጋት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

«አሁን አያመኝም፣ ለምን አልጫወትም?»

ብዙ ሰው ድጋሚ የሚበጠስበት እዚህ ነው። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ይዳከማል፣ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚጠነክረው። ሕመሙ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ አላመመኝም ብላችሁ ዳንኩ አትበሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ መመለስ ድጋሚ የመጎዳትን ዕድል በጣም ይጨምራል። የሆላንዱ ተከላካይ ቫን ዳይክ እንኳ፣ ያ ሁሉ ባለሙያ እያለለት፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ተጎድቶ ለወዳጅነት ጨዋታ የተመለሰው በጁላይ 2021 ነው።

ወሩ መሙላቱም ብቻውን አይበቃም። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲፈቅድላችሁ መሬት ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ፣ በአንድ እግር ዝለሉ፣ በዚያው እግር እረፉ፣ ለኩ። የተጎዳው እግር ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። እኔ በስምንተኛው ወር በደህናው 140 ሴንቲሜትር፣ በተጎዳው 112 ዘለልኩ። 80 በመቶ። ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ለተጨማሪ ሦስት ወር የእሁዱን ኳስ ዳር ቆሜ አየሁ።