«ኢማንሲፔሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሥሩ ለመረዳት

ይህን ቃል «ነፃነት» ብሎ ተርጉሞ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ያ ፍቺ ይበልጥ የሚስማማው ለ«ፍሪደም» ነው። «ኢማንሲፔሽን» በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር የቆየ ሰው ከዚያ ሥልጣን መውጣቱን የሚናገር ቃል በመሆኑ፣ በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኙት አስቀድመው «ማን፣ ከማን ሥልጣን ወጣ?» ብለው ይጠይቁ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ማኑስ» እጅ፣ «ካፔሬ» መያዝ ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ተጣምረው በእጅ የተያዘ ንብረት የሚል ፍቺ ያለውን «ማንኪፒዩም» ሰጡ፤ ከፊቱ የገባው «ኤ» መውጣትን ያመለክታል። የሮም አባወራ በልጆቹ ላይ የነበረው ሥልጣን ልጆቹ ጎልምሰው ከወለዱም በኋላ አይቋረጥም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጣው የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ግን ልጁን ሦስት ጊዜ የሸጠ አባት ሥልጣኑን እንዲያጣ ደንግጎ ስለነበር፣ በኋላ የመጡ ሕግ ዐዋቂዎች በዚሁ አንቀጽ ተጠቅመው፣ አባት ልጁን በአምስት ምስክሮችና በአንድ ሚዛን ያዥ ፊት ለሚያምነው ሰው ለይስሙላ እየሸጠ የሚለቅበትን ሥርዓት አበጁ። ቃሉ በመጀመሪያ የዚህ ሥርዓት መጠሪያ ነበር፤ ባሪያን ነፃ ማውጣት «ማኑሚሲዮ» የተባለ የራሱ ስም ነበረው።

ቀጥሎ ጽሑፉ የሚናገርበትን ዘመንና አገር ይለዩ። በብሪታንያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1829 የተፈጸመው «ኢማንሲፔሽን» ካቶሊኮች የፓርላማ አባል እንዲሆኑ የፈቀደው ሕግ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1863 ያወጁት ደግሞ የባርነት ጉዳይ ሲሆን፣ አዋጁ በዐመፅ ላይ የነበሩትን ግዛቶች ብቻ ይመለከት እንደነበር አይዘንጉ፤ ባርነት በመላ አገሪቱ የተሻረው በ1865 በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ከ«ነፃነት» ይልቅ «አርነት መውጣት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ከሚለው የወንጌል ቃል ጋር ያደገ አንባቢ ከባርነት መውጣትን ወዲያው ይረዳዋል።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ይህን ቃል በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ብታገኙት ግን ፍቺው ወደ ጥንቱ የሮም ትርጉም ይጠጋል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ ከወላጆቹ ሥልጣን ወጥቶ ስለ ራሱ መወሰን መቻሉን የሚገልጽ ነው።