ሞተሩ ሲንተፋተፍ፣ መርፌው ሲወድቅ፦ በትንሽ አውሮፕላን ላይ የበረዶ ችግርና መፍትሄ

በበረራ ላይ ስለሚፈጠር በረዶ ሲነሳ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ክንፍ ይጥላል። ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) አሮጌ ሴስና 172 የሚያበር ሰው ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ከሞተሩ ክዳን ስር ያለውን፣ የማይታየውን በረዶ ነው። እሱ ደግሞ ሹራብ በማያስለብስ ቀንም ይመጣል።

የሞተሩ ዙር ሳይነካ ይወርዳል

ጋዙን ማንም አልነካውም፤ ዙሩ ግን በደቂቃ ከ2400 ወደ 2300፣ ጥቂት ቆይቶም ወደ 2200 ይንሸራተታል። ብዙ አብራሪ ይህን ልብ ሳይል ጋዝ ጨመር ያደርጋል። በዚህም በሽታውን ሳያክም ምልክቱን ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ሞተሩ መንቀጥቀጥና መንተፋተፍ ይጀምራል። ፕሮፔለሩ ዙሩን ራሱ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ዙሩ ባለበት ይቆያል፤ የሚወርደው የአየር ማስገቢያው የግፊት መለኪያ ነው።

ምክንያቱ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። አየሩ በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ነዳጁም ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ቤንዚን እጁ ላይ ፈስሶበት የሚያውቅ ሰው ቅዝቃዜውን ያስታውሰዋል። ሁለቱ ተደምረው የአየሩን ሙቀት እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ መጠን ሊቀንሱት ይችላሉ። ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን አደጋው ይበረታል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ማለት ይኸው አይደል? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የተባለው ለካርቡሬተር ይመስለኛል። በተለይ ለማረፍ ጋዝ ተቀንሶ ሲወረድ መተላለፊያው ስለሚጠብ ጥቂት በረዶ እንኳን ሊዘጋው ይችላል።

መፍትሄው የካርቡሬተር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መሳብ ነው። ግማሽ መሳብ አንዳንዴ ከመተው ይብሳል፤ ደርቆ ያልፍ የነበረውን የበረዶ ቅንጣት ለመጣበቅ በሚበቃው መጠን ብቻ ያሞቀዋልና።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው ሰውን የሚያስተው፦ ሞተሩ ይባስ ይታመማል። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ የቀለጠው ውሃም በሲሊንደሮቹ በኩል ያልፋል። ተማሪ ሳለሁ ማሞቂያውን ስስብ ሞተሩ ሲያስነጥስ ደንግጬ መልሼ ልገፋው ስል አስተማሪዬ እጁን በእጄ ላይ ጭኖ ያዘኝ። «ተወው፣ ውሃውን ይጨርስ» አለኝ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የዓመት ያህል ረዘመ። ከዚያ ዙሩ ቀስ እያለ ወጣ። ማሞቂያውን ሲመልሰው ቀድሞ ከነበረበትም አለፈ።

ሙቀቱ የሚገኘው ከጭስ ማውጫው ስለሆነ ሞተሩ እስኪዳከም መጠበቅ መድኃኒቱን ማባከን ነው። መሬት ላይ ግን ይህ አየር በማጣሪያ ስለማያልፍ አቧራማ ሜዳ ላይ ፈትሸው ወዲያው ይመልሱት። ነዳጅ በቀጥታ የሚረጭላቸው ሞተሮች ይህ ችግር የለባቸውም፤ የአየር ማጣሪያቸው በበረዶ ከተደፈነ ግን አማራጭ የአየር በሩን መክፈት ያስፈልጋል።

የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል

መርፌው ወደ ዜሮ ከወረደ የፒቶ ቱቦው (ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ለፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው) አፍ ተደፍኗል። ማፍሰሻ ቀዳዳውም አብሮ ከተዘጋ ውሸቱ ይከፋል፦ ሲወጡ ፍጥነት የጨመረ፣ ሲወርዱ የቀነሰ ያስመስላል። ያመነው አብራሪ የአውሮፕላኑን አፍንጫ እያነሳ ፍጥነቱን ይገድለዋል። የቱቦውን ማሞቂያ ደመና ከመግባትዎ በፊት ያብሩት። ከረፈደም ያብሩትና የሚያውቁትን የአፍንጫ አቋምና የሞተር ኃይል ይዘው ይጠብቁ። በ2009 አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ 447 መከራ የጀመረው የፒቶ ቱቦዎቹ በበረዶ ቅንጣት ሲደፈኑ ነው፤ 228 ሰዎች አልቀዋል።

ክንፉ ነጭ ሆነ

ክንፉን አይጠብቁ። በረዶ ቀድሞ የሚይዘው ቀጭን ነገር ላይ ነው፦ የውጭ ቴርሞሜትሩ ጫፍ፣ አንቴናው፣ ክንፉን የደገፈው ዘንግ። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ያልረጋ የደመና ጠብታ ሲነካቸው ወዲያው ይረጋል። አብዛኛው የሚፈጠረው በዜሮና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መካከል ነው። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ የሆነ ስስ ሽፋን እንኳን የክንፉን የማንሳት አቅም በ30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚሳብ ማሞቂያ የለም፤ መፍትሄው በረዶ ከሚይዝበት አየር መውጣት ነው። በየ1,000 ጫማው ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ ስለሚለዋወጥ መውረድ ያዋጣል፤ ከስር ተራራ ከሌለ። በሲያትል ምሥራቅ ባሉት የካስኬድ ተራሮች ክረምት ላይ ዜሮ ዲግሪው ከጫፎቹ በታች ስለሚወርድ፣ እዚያ የሚያበሩ ወገኖቻችን የመጡበት አየር ንጹሕ ከነበረ ዞረው ይመለሱ። ለበረራ ተቆጣጣሪው «በረዶ ይዞኛል» ለማለትም አይፈሩ፤ መንገድ ይከፍትልዎታል። አውቶፓይሎቱን ያጥፉት፤ የመሪውን መክበድ ይደብቅብዎታል።

ሲያርፉ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) አይዘርጉ፣ ፍጥነት ጨምረው ይምጡ፣ ጋዙን መንደርደሪያው ላይ እስኪደርሱ አይቁረጡ። የስቶል (ክንፉ የማንሳት አቅሙን የሚያጣበት ሁኔታ) ማስጠንቀቂያውን አይመኑ፤ እሱም በረዶ ይዞት ይሆናል። አርፈው፣ ሞተሩን አጥፍተው ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ የጅራቱን ግንባር በእጅዎ ይዳስሱት። ከክንፉ ስለሚቀጥን ከእሱ ወፍሮ ያገኙታል፤ ፍላፕ አይዘርጉ የተባሉትም በእሱ ምክንያት ነው።