ዊፔት ግቢ አታድርም

ዊፔት የሚባል ዝርያ የሆነችውን ውሻችንን ሽውታን ያገኘናት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ኮምቦልቻ ይሠራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት መሄድ አልቻለም። ባለቤቴ የሥራ ባልደረባው ስለነበር ለእኛ ሰጠን። አብሯት የመጣው ዕቃ ትንሽ ምንጣፍ፣ አንድ የውሻ ሹራብ እና በእጁ የጻፈው ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር። ሹራቡን ሳይ ገረመኝ። ደሴ የመጀመሪያዋን ሌሊት ስታድር ግን ነገሩ ገባኝ።

እኛ ዘንድ ውሻ የሚያድረው ግቢ ነው። በር ላይ ይታሰራል፣ ትራፊ ይበላል፣ ሌሊት ይጮሃል። እኔም ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ጆንያ አነጠፍንላትና ተኛን። ወሩ ኅዳር ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። አልጮኸችም፣ በር አልቧጨረችም። ጆሮዋን ስነካው በረዶ ነው። አቅፌ አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ደጅ አድራ አታውቅም። ዊፔት ልታኖሩ ካሰባችሁ ከዚህ ጀምሩ። ቤት ውስጥ የምትተኛበት ጥግ ከሌላችሁ አታምጧት።

ምክንያቱ አፈጣጠሯ ነው። ዊፔት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ግሬይሀውንድ ከሚባለው ትልቅ የሩጫ ውሻ የወጣች የሩጫና የአደን ውሻ ናት። የማዕድን ማውጫና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ የሚያረቧት፤ "የድሃ ሰው የሩጫ ፈረስ" ይሏት ነበር። የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር በ1891 እ.ኤ.አ. እንደ ራሷ ዝርያ መዝግቧታል። ቆዳዋ ስስ ነው፣ ፀጉሯ አጭር ነው፣ ከቆዳዋ ሥር የሚያሞቃት ስብ የላትም ማለት ይቻላል። ሽውታ 12 ኪሎ ናት። ሰፈር ውስጥ ያለ ማንኛውም ውሻ ከእሷ ይወፍራል።

የጥበቃ ውሻ ከፈለጋችሁ ይቺ አትሆናችሁም። እምብዛም አትጮህም። እንግዳ ሲመጣ ጅራቷን እግሮቿ መሐል ከታ ከሶፋው ኋላ ትገባለች፣ ትንሽ ቆይታ ወጥታ ጭኑ ላይ አገጯን ታሳርፋለች።

ልብስ ያስፈልጋታል። የእንግሊዛዊው ሹራብ ሲያልቅ አንድ ያረጀ ጋቢ ይዤ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። በሁለት ድርብ ሰፋልኝ። ከአንገቷ ሥር እስከ ጅራቷ መነሻ ይደርሳል፣ ሆዷ ሥር በጨርቅ ማሰሪያ ይቋጠራል። ስትለኩ ደረቷን አትርሱ፤ የዊፔት ደረት ጥልቅ ነው፣ ወገቧ ግን እፍኝ ነው። ለሌላ ውሻ የተሰፋ አይሆናትም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ አትወድም። ሐምሌ ላይ በሩን ስከፍትላት አንድ እግሯን አንሥታ ደጁን ታየዋለች፣ ከዚያ ዞራ ትገባለች። አትቆጧት። ዝናቡ ጋብ ሲል አብራችኋት ውጡ፤ ስትመለስ ሆዷንና የእግሯን ጣቶች በጨርቅ አድርቁላት።

ሙቀት ስለምትወድ እሳት ለእሷ አደገኛ ነው። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ ትጋደማለች፣ ትጠጋለች፣ አሁንም ትጠጋለች። አንድ ቀን የፀጉር ሽታ ሸተተኝና ዞር ስል የጎኗ ፀጉር ተለብልቧል፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ስነካት ደንግጣ ተነሣች፣ ጅራቷ ረከቦቱን መታው፣ ሦስት ስኒ ሄደ። አሁን ቡና ሲፈላ ምንጣፏን ከከሰሉ አንድ ሜትር ተኩል አርቄ አነጥፋለሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ እዚያው ናት። ቦታዋን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀባት። በዱላ አይደለም ያስለመድኳት። ምንጣፉ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ እሰጣት ነበር። በዊፔት ላይ ድምፅ ከፍ ካደረጋችሁ ቀኑን ሙሉ ተኮራምታ ትውላለች እንጂ ምንም አትማርም።

የጎረቤትን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ ግድግዳ የሚጋሩን ሐጂ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። ወሎ ነውና ቡናው አንድ ላይ ነው። የውሻ ምራቅ ልብስ ወይም ዕቃ ከነካ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር መታጠብ እንዳለበት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለሶላት ውዱእ አድርጎ የሚወጣን ሰው ሽውታ ሮጣ ብትልሰው ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ እነሱ ሲመጡ መኝታ ክፍል አስገብቼ በር እዘጋለሁ። የምትበላበት ሳሕን የራሷ ነው፣ የሚታጠበውም ውጭ ባለው ቧንቧ ነው። ጎረቤታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅር ካለው በኋላ ማስተካከል ይከብዳል።

ሐጂ በመጀመሪያው ወር በአጥር በኩል ጠሩኝና "ልጄ፣ ይቺን ውሻ አትመግቧትም እንዴ? አጥንቷ እኮ ይቆጠራል" አሉኝ። አፈርኩ። ወረቀቱን ግን አንብቤዋለሁ። ጤነኛ ዊፔት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት የጎን አጥንቶች ብዥ ብለው ይታያሉ፣ ሆዷም ወደ ላይ የተሰበሰበ ነው። መመዘኛው እጃችሁ ይሁን። ጀርባዋን ስትዳብሱ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ጡንቻ ካለ ደህና ናት። አከርካሪዋ እንደ መጋዝ ከቆመ ከስታለች። የጎን አጥንቷን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ወፍራለች፣ መገጣጠሚያዋም ይጎዳል።

ቀን ሁለት ጊዜ ትበላለች። የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር፣ እንቁላል፣ ካሮት። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ከሙስሊሙ ሥጋ ቤት እንገዛላታለን። የወጥ ትራፊ አትስጧት። ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በፋሲካና በአረፋ ጊዜ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ከእርድ የሚጣል ጥሬ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እንክብል ይታያል። ውሻ ያንን ስትበላ ኮሶ ዘር የሆነ ትል ይይዛታል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣና በልጆች እጅ ወደ ቤተሰቡ ይገባል። እኛ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት እንሰጣታለን፣ ልጆቹም ከነኳት በኋላ ሳይታጠቡ ገበታ አይቀርቡም።

ሩጫዋ ሌላ ነገር ነው። ዊፔት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። አንድ እሑድ ቦሩ ሜዳ ወስደን ማሰሪያዋን ፈታን። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ምን ይመጣል ብለን። በጎቹን ያየናቸው እሷ ካየቻቸው በኋላ ነው። ስሟን ስንጠራ መቶ ሜትር አልፋለች። መንጋው ተበተነ፣ አንዷ በግ ቦይ ውስጥ ወደቀች፣ እረኛው ልጅ ድንጋይ አነሣ። እግዜር ይስጠው፣ ሲያየን አልወረወረም። በጓን አንሥተን ይቅርታ ጠይቀን፣ ለአባቱ ካሳ ከፍለን ተመለስን። የሷ ጥፋት አይደለም። በዓይኗ የምታድን ውሻ ናት፤ የሚሮጥ ነገር ስታይ ጆሮዋ ይዘጋል። ስለዚህ አጥር በሌለበት ቦታ አትፍቷት። እኛ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘበኛውን አስፈቅደን፣ የታጠረ ትምህርት ቤት ግቢ እንወስዳታለን። ልጆቹ ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ የበግ ቆዳ ቁራጭ አስረው ይጎትቱላታል። ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። የቀረውን ቀን ትተኛለች። ሌላ ቀን ጠዋትና ማታ በማሰሪያ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። ድመትና ዶሮ ካላችሁ ግን አስቡበት።

ማሰሪያዋም እንደ ሌላ ውሻ አይደለም። ጭንቅላቷ ከአንገቷ ይጠብባል፣ ተራ ቀበቶ በጆሮዋ በኩል ሾልኮ ይወጣል። አንድ ቆዳ ሠሪ አምስት ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ስትጎትት ብቻ በመጠኑ የሚጠብቅ አድርጎ ሠርቶልኛል። ስፋቱ ረጅም አንገቷን ከመቆረጥ ያድናል።

ቆርቆሮ አጥር ያለው ሰው ይህን ያንብብ። የዊፔት ቆዳ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ሽውታ ድመት ስታሳድድ የቆርቆሮ ጠርዝ ጭኗን አንድ ስንዝር ያህል ቀደደው። ደሙ ጥቂት ነበር፣ ቆዳው ግን እንደ ኪስ ተከፍቶ ሥጋው ይታያል። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለን ሐኪም ቤት ወሰድናት። እንደዚህ ዓይነት ውሾች አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒት፣ በተለይ ታዮፔንታል የሚባለው፣ ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣላቸውም። የእንግሊዛዊው ወረቀት ላይ ይህ በቀይ ተሰምሮበት ነበር። ለሐኪሙ አሳየሁት። አንብቦ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ሰፋት። እናንተም ሐኪም ጋ ስትሄዱ "ዊፔት ናት፣ ስብ የላትም" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አሁን የአጥራችንን የታችኛውን ጠርዝ በሙሉ በእንጨት ሸፍነነዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ነው፤ ቡችላ ከሆነች በሦስት ወሯ ይጀመራል። ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለመዥገር ደግሞ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት አትቀቧት። ማታ ብቻዋን ግቢ አትልቀቋት፤ ደሴ ጅብ አለ።

ልጆቻችሁን አንድ ነገር አስተምሩ፦ የተኛችን ዊፔት አትንኩ። ከሩቅ ስሟን ጥሩ፣ ዓይኗን ስትከፍት ቅረቡ። የእኔ ትንሹ ልጅ ሦስት ዓመቱ ላይ ይህን ለመደ። አሁን ማታ "ሽውታ" ይላል በሹክሹክታ፣ አንድ ጆሮዋ ይነሣል፣ ከዚያ ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ያለብሳታል። አፍንጫዋን አይሸፍንም፤ እሱንም ነግሬዋለሁ።