ለሙሉ ርቀት ትሪያትሎን ብርታት የሚገነባው በቀላል ልምምድ ነው

ሙሉ ርቀት ትሪያትሎን ማለት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በመጨረሻም 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ተከታትለው ይሠራሉ። ከጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ያህሉ የሚያልፈው ብስክሌት ላይ ነው። ስለዚህ ማራቶን የሮጠ ሰው «ሩጫውን እችለዋለሁ፣ የቀረውን እጨምርበታለሁ» ብሎ ከተነሳ ስሌቱ ከመነሻው ተሳስቷል። ሩጫው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌቱ ላይ ነው።

እዚህ የተጻፈው አንድ ሰዓት ሳይቆም ለሚሮጥ፣ 400 ሜትር ሳያርፍ ለሚዋኝና 28 ሳምንት ጊዜ ላለው ሰው ነው። ዋና የማይችል መጀመሪያ ዋና ይማር። ለዚያ አቋራጭ የለም።

ለምን ቀላል?

ጉበትና ጡንቻ የሚያከማቹት ስኳር ከ400 እስከ 500 ግራም፣ ማለትም 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ውድድሩ የሚጠይቀው ግን 8,000 እና ከዚያ በላይ ነው። በመንገድ ላይ የሚበላው ሁሉ ተደምሮ ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ ቀሪው ከሰውነት ስብ መምጣት አለበት። ስብ በብዛት የሚቃጠለው ደግሞ ልብ ሳይጨነቅ በሚሠራበት ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ለወራት ሲሠራ በጡንቻ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ (ስብና ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጡ የሕዋስ ክፍሎች) ይበዛል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨምራሉ፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደምም ከፍ ይላል። ከባድ ልምምድም እነዚህን ያመጣል፤ ነገር ግን በሳምንት አሥር ሰዓት ከባድ ልምምድ የሚሸከም እግር የለም።

ልክን ማወቅ

ደረታችሁ ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ አድርጉ፤ የእጅ ሰዓት ብቻውን በተለይ ብስክሌት ላይ ይሳሳታል። በደንብ ካሟሟቃችሁ በኋላ ለ30 ደቂቃ ብቻችሁን፣ እስከ መጨረሻው ልትዘልቁበት በምትችሉት ከፍተኛ ፍጥነት ሩጡ። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት ገደባችሁ ነው። የቀላል ልምምድ ጣሪያ የዚህ 89 በመቶ ገደማ ነው፤ ገደቡ 170 ከሆነ ጣሪያው 151 ይሆናል። ለብስክሌት ፈተናውን ለብቻው አድርጉ፤ ውጤቱ ከሩጫው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ምት ያንሳል። መለኪያ የሌለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ከቻለ ልክ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ፍጥነት ያሳፍራል። ዳገት ላይ በእግር መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሂዱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ በባሕር ጠለል ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ የፍጥነት ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም። በልብ ምት ሂዱ። በቡድን መጋለብም ደስ ይላል፣ ግን ከቡድኑ ውስጥ አንድ እልኸኛ አይጠፋም፤ ረጅሙን ቀን ብቻችሁን ወይም ልካችሁን ከሚያከብር ሰው ጋር አድርጉት።

የሳምንቱ አሠራር

ከሳምንቱ ጊዜ ከአምስት አራት እጁ ቀላል ይሁን። ከ1ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ በሳምንት 6 ሰዓት በመሥራት ጀምራችሁ ወደ 9 ሰዓት ድረሱ፤ ከ13ኛው እስከ 25ኛው ወደ 12 ወይም 13 ሰዓት። ሦስት ሳምንት ጨምራችሁ አራተኛውን በሲሶ ቀንሱ። የሚቀነሰው ሳምንት ሲደርስ ሰውነት ደህና ስለሚመስል ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰኞ እረፍት፤ ከዚያ ሦስት ዋና፣ ሦስት ብስክሌት፣ ሦስት ሩጫ። ረጅሙ ብስክሌት ከ2 ሰዓት ርዝመት ተነስቶ በየሳምንቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየጨመረ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ረጅሙ ሩጫ ከ1 ሰዓት ከሩብ ተነስቶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይቁም። ከዚያ በላይ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለማገገም የሚፈልገው ቀን ግን የሚቀጥለውን ሳምንት ብስክሌት ይበላል። ከአንዱ ብስክሌት ወርዳችሁ ወዲያው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሩጡ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እግር የራስ አይመስልም፣ ቀስ ብሎ ይለቃል።

ለዋና ከአንድ ረጅም ቀን ይልቅ ሦስት አጫጭር ቀናት ይሻላሉ። 400 ሜትር በፍጥነት ዋኙ፣ በደንብ አርፉ፣ ከዚያ 200 ሜትር። የሁለቱን ልዩነት ለሁለት ስታካፍሉ የ100 ሜትር ፍጥነታችሁ ይወጣል፦ 400ው 9:00፣ 200ው 4:20 ከሆነ ልዩነቱ 4:40 ነው፤ ፍጥነቱም በ100 ሜትር 2:20። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ፣ በመሃል 15 ሰከንድ እያረፋችሁ፣ 100 ሜትርን አሥር ጊዜ ዋኙ፤ በወራት ውስጥ ወደ ሃያ አድርሱት። እግራችሁ ከሰመጠ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ራስ ቀና ማለቱ ነው፤ ዓይን ወደ ገንዳው ወለል ይመልከት። ሐይቅ ላይ ያለ አጃቢ ጀልባ አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ፣ አዞና ጉማሬ መኖር አለመኖሩንም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ብርታቱ መገንባቱን መለካት

በየአራት ሳምንቱ ሜዳማ መንገድ ላይ 90 ደቂቃ በአንድ ፍጥነት ሩጡና የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አጋማሽ አማካይ የልብ ምት አወዳድሩ። 145 የነበረው 150 ከሆነ ጭማሪው 3.4 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ከ5 በመቶ ካለፈ መሠረቱ ገና ነው፣ የፍጥነት ልምምድ አትጨምሩ። ሙቀትና የውሃ እጥረትም ቁጥሩን ስለሚያንሩት ፈተናውን ጠዋት አድርጉ።

ምግብና ጾም

ብስክሌት ላይ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ግራም ስኳር (አምስት ልክ የሾርባ ማንኪያ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ በቂ መጠጥ ነው። በሰዓት 700 ሚሊ ሊትር ከጠጣችሁና አንድ ሙዝ ከጨመራችሁ ልኩ ይሞላል። ቆሎ ለጉዞ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ እየተነፈሱ ማኘክ ከባድ ነው፣ አሰሩም ሆድ ያውካል። ከአንድ ሰዓት ልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ፣ የጠጣችሁት ተደምሮበት፣ አንድ ሊትር ላብ ነው። ከዚያ በላይ ጨው የሌለው ውሃ መጠጣት የደም ጨውን ያወርዳል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብሎም የከፋ አደጋ ያስከትላል።

በዐቢይ ጾም ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ በሰዓት መከልከል ስለሌለ ረጅሙን ልምምድ በእነዚህ ቀናት አድርጉ፤ ጠዋት የአጃ አጥሚትና ሙዝ ይበቃል። በሥራ ቀናት ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሥሩ። በረመዳን ደግሞ ረጅሙ ከኢፍጣር በኋላ፣ አጭርና ቀላሉ ከኢፍጣር በፊት ይሁን። ድካሙ ካልለቀቀ የብረት ክምችታችሁን በደም አስመርምሩ። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከምግብ አንድ ሰዓት አርቋቸው።

ሲበላሽ

ጉልበት ከፊት ካመመ የብስክሌቱ መቀመጫ ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል ማለት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ልክ ቀጥ ማለት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትለውጡ። ከባድ ማርሽ መግፋትም ጉልበት ይጎዳል፤ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ጠብቁ። የቅልጥም አጥንት (ከጉልበት በታች ከፊት ያለው) ላይ በጣት ሲነካ አንድ ነጥብ ብቻ የሚያም ከሆነ ሩጫ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የምትለኩት የልብ ምት ለሁለት ቀን ከተለመደው ከ7 በላይ ከጨመረ የዚያን ቀን ልምምድ ተዉት።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

ሰዓቱን በመጀመሪያው በሩብ፣ በሁለተኛው በግማሽ፣ በመጨረሻው በሁለት ሦስተኛ ቀንሱ፤ የቀናቱ ብዛት ግን ብዙም አይቀነስ። በውድድሩ ቀን ከውሃ ስትወጡ ልብ ከፍ ብሎ ይመታል፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብስክሌት ከቀላል ልምምድ ጣሪያ በታች እስኪወርድ በቀላል ማርሽ ሂዱ። መብላቱንም ከ15ኛው ደቂቃ ጀምሩ፣ ርሃብ እስኪመጣ አትጠብቁ።